ሐሰተኛ ሻጭ የማይመልሰው ጥያቄ

ጉለሌ ውስጥ፣ ሽሮ ሜዳም ሆነ አዲሱ ገበያ፣ ያገለገለ ብስክሌት የሚፈልግ ሰው ዛሬ ፍለጋውን የሚጀምረው በስልኩ ነው። የቴሌግራም ቻናል፣ ፌስቡክ ወይም ጂጂ ሲከፍት የሚያገኘው ማስታወቂያ አጭር ነው፤ ሁለት ሦስት ፎቶ፣ ዋጋ፣ ስልክ ቁጥርና «በጣም ንጹሕ» የሚል ቃል። ሻጩ እውነተኛ ይሁን አጭበርባሪ ከዚህ ተነስቶ መወሰን አለበት። አብዛኛው ገዥ የሚመዝነው የፎቶውን ማማር፣ የሻጩን ትሕትናና የዋጋውን መርከስ ነው። ሦስቱም ደካማ መመዘኛዎች ናቸው፤ አጭበርባሪውም እንደ እውነተኛው ሻጭ ያለ ምንም ወጪ ያሟላቸዋልና። የሚጠቅመው ምልክት ብስክሌቱ እጁ ላይ ላለ ሰው የደቂቃ ሥራ፣ ለሌለው ሰው ግን ከባድ የሚሆነው ነው።

ሐሳቡ ከኢኮኖሚክስ የተገኘ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ አሳሳቢ ነገር አሳየ። ሻጩ የዕቃውን ጉድለት ያውቃል፣ ገዥው አያውቅም። ገዥው ደህናውን ከብልሹው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ይህ ዋጋ የደህናውን ዕቃ ባለቤት ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል፤ የቀረው ዕቃ ጥራት ሲወርድ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ማይክል ስፔንስ በ1973 መውጫውን አመለከተ፤ አንድ ምልክት የሚያሳምነው ለእውነተኛውና ለሐሰተኛው የሚያስከፍለው ሲለያይ ብቻ ነው። ሁለቱ ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ሽሮ ሜዳ የሀገር ባህል ልብስ የሚገዛ ሰው ጥለቱን ከሩቅ አይቶ አይከፍልም፤ ጨርቁን በጣቱ አሽቶ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ ያየዋል። የስልክ ማስታወቂያ የሚነፍገን ይህን ነው፤ ምትኩን በጥያቄ መፈለግ ይኖርብናል።

«እኔ ሰውን በድምፁ አውቃለሁ» የሚል ብዙ ነው። ማስረጃው ግን አይደግፈውም። ተመራማሪዎቹ ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዴፓውሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ 24 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ሰዎች እውነትን ከውሸት በትክክል የለዩት በአማካይ 54 በመቶ ያህሉን ጊዜ ነበር። በዘፈቀደ መገመት 50 በመቶ ያስገኛል። ስለዚህ ሻጩን ትተን የሚናገረውን ነገር ብንፈትን ይሻላል።

ከፎቶው እንጀምር። በጉግል ሌንስ ወይም በመሰል የምስል መፈለጊያ ፎቶው ሌላ አገር ሱቅ ላይ ከተገኘ ጉዳዩ አለቀ። አለመገኘቱ ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ መፈለጊያው የዝግ ቡድኖችን ፎቶዎች አያያቸውም። አጭበርባሪ የሰረቀውን ፎቶ ግራና ቀኙን ገልብጦ መፈለጊያውን ሊያደናግርም ይችላል። እዚህ ላይ ብስክሌት ራሱ ይመሰክራል፤ ካቴናው፣ ከጥቂት ለየት ያሉ ብስክሌቶች በቀር፣ በነጂው ቀኝ በኩል ነው። በግራ ከታየ፣ ወይም በብረቱ ላይ የተጻፈው ስም የተገለበጠ ከሆነ፣ ፎቶው ተገልብጧል። አንዳንድ ስልክ በፊት ካሜራው ሲነሳ ምስሉን ራሱ ስለሚገለብጥ ግን ይህ የመጨረሻ ፍርድ ሳይሆን የጥያቄ መነሻ ነው። ዓይናችን ይህን በራሱ ያስተውላል ብሎ መተማመንም አይቻልም። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲዋ ርብቃ ላውሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች ብስክሌትን ከአእምሯቸው እንዲስሉ ስትጠይቅ፣ ብዙዎቹ ካቴናውን ከፊት ጎማ ጋር አገናኝተዋል። በየቀኑ የምናየውን ነገር አሠራሩን የምናውቅ ይመስለናል እንጂ ብዙ ጊዜ አናውቀውም።

ከፎቶ የበለጠው ፈተና ሻጩ አሁኑኑ የሚያደርገው ነገር ነው። ብስክሌቱ ተገልብጦ፣ የዛሬው ቀን የተጻፈበት ወረቀት ተደግፎበት ፎቶ ይላክ። ተከታታይ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ፔዳሎቹ የሚዞሩበት መጋጠሚያ ሥር ተቀርጾ ስለሚገኝ እሱም አብሮ ይታይ። ከዚያ ስለ ጉድለቱ መጠየቅ ነው። ጉለሌ ለዚህ የተመቸ ነው፤ እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነውና ዳገቱ የብስክሌትን ምስጢር ያወጣል። ያረጀ ካቴና መጋጠሚያዎቹ ሲበሉ ይረዝማል፤ በሜዳ ደህና እየሄደ፣ ዳገት ላይ ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ ጥርስ ይዘላል። በዚያ ዳገት የነዳው ሰው የትኛው ማርሽ እንደሚያስቸግር፣ ቁልቁለት ላይ የትኛው ፍሬን እንደሚላላ ያውቃል። ጉድለቱን መናገር ዋጋውን ስለሚቀንስበት ቃሉ ክብደት አለው። «ምንም የለበትም» ማለት ግን ማንንም አያስከፍልም።

ዋጋውስ? ርካሽ ነገር ሁሉ ወጥመድ ነው የሚለው ምክር ከሚገባው በላይ የታመነ ይመስለኛል። በስሌት እንየው። ከ100 ማስታወቂያዎች 10ሩ ሐሰተኛ ናቸው እንበል። ከሐሰተኞቹ 8ቱ፣ ከ90ዎቹ እውነተኞች ደግሞ 18ቱ ከገበያው ዋጋ በጣም ይረክሱ። ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው፣ ቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው በቅናሽ ይሸጣልና። ከ26ቱ ርካሾች ሐሰተኞቹ 8 ብቻ ናቸው፤ ዋጋን ብቻ ተመልክቶ የሚሸሽ ሰው 18 እውነተኛ ሻጮችን አብሮ ይጥላል። አሁን የዛሬው ቀን የተጻፈበትን ፎቶ እንጠይቅ። ከ18ቱ 16ቱ ቢልኩ፣ ከ8ቱ አንዱ ብቻ ቢሳካለት፣ ፈተናውን ካለፉት 17 ውስጥ ሐሰተኛው አንድ ነው። ካላለፉት 9 ውስጥ ግን 7ቱ ሐሰተኞች ናቸው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ የዋጋን ጥርጣሬ ወደ ፍርድ የሚለውጠው ተከታዩ ጥያቄ መሆኑን ግን በግልጽ ያሳያሉ።

መጠየቅ ሌላም ሥራ ይሠራል። የማይክሮሶፍቱ ተመራማሪ ኮርማክ ኸርሊ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳስረዳው፣ ለአጭበርባሪ ትልቁ ወጪ ጊዜው ነው፤ ስለዚህ የማይታመን የሚመስል ማባበያ የሚያቀርበው ጠያቂው ራሱ እንዲሸሽና ቶሎ የሚያምነው ብቻ እንዲቀርለት ነው። «ብዙ ሰው እየደወለ ነው፣ ቀብድ ላክና ልያዝልህ» የሚለው ጥድፊያም የዚሁ ማጣሪያ ክፍል ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቀብድ መላክ የሰከንዶች ጉዳይ ሆኗል፤ በገዛ ፈቃድ የተላከን ገንዘብ ማስመለስ ግን እንደ መላኩ ቀላል አይደለም። ብስክሌቱን ሳያዩ ቀብድ አለመላክ ሻጩን መናቅ አይደለም።

ይህ ሁሉ ጥያቄ ጨዋ ሻጭ አያስቀይምም ወይ? አከርሎፍን ያነበበ ሰው ይህን መፍራት አለበት፤ ጥርጣሬ ሲበዛ ገበያውን ጥሎ የሚወጣው ደህናው ሻጭ ነው። ስለዚህ ፈተናው ለእውነተኛው ቀላል መሆን አለበት። አንድ ፎቶና ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ መታወቂያን በቴሌግራም ላክ ማለት ግን ሻጩን ለሌላ አደጋ ያጋልጠዋልና አልደግፈውም። ዳታ ያጠረው ሻጭ ቢኖር የብስክሌት ጠጋኝ ጋ በአካል መገናኘት ይቻላል፤ ባለሙያው ካቴናውንና ፍሬኑን እዚያው ያየዋል።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። የተሰረቀ ብስክሌት የያዘ ሰው ዕቃው እጁ ላይ ስለሆነ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ያልፋል። እውነት ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ፈተና የዛሬውን ሳይሆን ያለፈውን የሚመለከት ነው፤ የገዛበት ደረሰኝ፣ ከወራት በፊት ብስክሌቱን ሲነዳ የተነሳው ፎቶ፣ ያልተፋቀ ተከታታይ ቁጥር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የተሰረቀበት ባለቤት ዕቃውን የማስመለስ መብት ስለሚሰጠው፣ ገዥው በቅን ልቦና የከፈለው ገንዘብም ሊቀርበት ይችላል። ስለዚህ በአካል ሲገናኙ አጭር የሽያጭ ውል ይጻፍ፤ የሁለቱ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ከብረቱ ላይ የተነበበው ተከታታይ ቁጥር ይግባበት፣ ምስክር ይፈርምበት። የራሱን ብስክሌት የሚሸጥ ሰው ይህን ለመፈረም የሚያመነታበት ብዙ ምክንያት የለውም።