ሥራ ለበዛበት ቤተሰብ የዘወትር እራት



በኔታንያ ከተማ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከባሕሩ ዳርቻ አጠገብ በምትገኘው በራማት ፖሌግ ሰፈር የማውቃት አንዲት እናት አለች። ይህች እናት አረጋውያንን የመንከባከብ ሥራ ስላላት በየቀኑ ከንጋቱ 5፡30 ከቤቷ ትወጣለች። ሥራዋን ጨርሳ፣ ትንሹን ልጇን ከጸሃሮን ተቀብላ ወደ ቤቷ ስትመለስ 16፡30 ይሆናል። ባለቤቷ በፖሌግ የኢንዱስትሪ ቀጠና በጥበቃ ሥራ ተሰማርቶ ስለሚውል ከ19፡00 በፊት አይገባም። ትልልቆቹ ልጆች ግን ከሁሉም ቀድመው ይገባሉ፤ ፍሪጁን ከፍተው ነጭ ዳቦና ቸኮላታ፣ ያም ሲያልቅ የታሸገ ምግብና ጣፋጭ መጠጥ ይዘው እየራሳቸው ክፍል ይቀመጣሉ። እናቲቱም ድካም ስለሚያሸንፋት ከቁመቷ ሳትቀመጥ የተረፈውን ትቀምሳለች። በቅርቡ በኩፓት ሆሊም በተደረገላት የደም ምርመራ ስኳሯ ከፍ ማለት እንደ ጀመረ ሐኪሟ ነግሯታል።

ይህን ጉዳይ ስንወያይ እንዲህ አለችኝ፦ «እናቴ በየቀኑ ወጥ ትሠራልን ነበር። እኔ ግን ለልጆቼ አንድ እራት ማቅረብ አቃተኝ።» ይህን ቃል ከብዙ እናቶች አንደበት ሰምቼዋለሁ። እኔም ራሴ በአገር ቤት አስተማሪ የነበርሁ ሰው፣ በአርባዎቹ ዕድሜዬ በአካባቢያችን ኮሌጅ የማኅበራዊ ሠራተኝነት ሙያ እንደገና ስማር፣ በሳምንት ሦስት ምሽት ልጆቼን ያለ እራት እየተውኋቸው ስለ ነበር ስሜቱን በሚገባ አውቀዋለሁ። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ሥራ የበዛበት ቤተሰብ በየምሽቱ በቤት የተሠራ ምግብ እንዴት ሊመገብ እንደሚችል፣ ይህም ለጤና ስለሚሰጠው ጥቅም እናብራራለን።

ጥፋቱ የማን ነው?

በመጀመሪያ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በጎንደር ገጠር እናቶቻችን በየቀኑ ያበስሉ የነበረው ብቻቸውን አልነበረም። ውኃ የምትቀዳ ሴት ልጅ፣ እህል የምትፈጭ ምራት፣ ሕፃን የምትይዝ አያት፣ እርሾ የምታበድር ጎረቤት ነበሩ። የሥራው ቦታም ከቤቱ አጠገብ ነበር። እዚህ ግን ያ ሁሉ ሥራ በአንዲት እናት ትከሻ ላይ ወድቋል፤ እርሷም ቀኑን ሙሉ ከቤት ውጭ ስትሠራ ውላ የምትገባ ናት። ስለዚህ በየምሽቱ አዲስ ወጥ መሥራት ያቃታት እናት ሰነፍ አይደለችም። የጎደለው አጋዥ እጅና ዘዴ ነው። ሁለቱም ደግሞ ሊገኙ ይችላሉ።

በቤት የተሠራ እራት ለምን ይጠቅማል?

ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ እስራኤል በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ እስራኤል በገቡበት ወቅት የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይታይም ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን በሽታው በብዙ ቤት ገብቷል። ከምክንያቶቹ ዋና ዋናዎቹ የእንቅስቃሴ መቀነስና የአመጋገብ መለወጥ ናቸው፤ ይኸውም ጤፍና ጥራጥሬ ቀንሶ ነጭ ዱቄት፣ ስኳርና ጣፋጭ መጠጥ መብዛቱ ነው። በሽታው ወፍራም ሰዎችን ብቻ የሚይዝ የሚመስላቸው አሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ በወገኖቻችን ላይ ቀጭን በሆኑ ሰዎች ጭምር ይታያል።

ከዚህ የምንማረው፣ መተው ያለብን ከአገር ቤት ያመጣነውን ማዕድ አለመሆኑን ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ሽምብራና ጎመን ለሰውነት ገንቢ ከመሆናቸውም በላይ በውስጣቸው ያለው አሰር ስኳር ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። በአንጻሩ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ይህም ወደ 9 የሻይ ማንኪያ ይጠጋል። ለእራት የሚቀርበው መጠጥ ውኃ ይሁን።

በሳምንት ሁለት ጊዜ ማብሰል፣ በየምሽቱ መመገብ

በየምሽቱ ትኩስ እራት ለመብላት በየምሽቱ ከሽንኩርት መክተፍ መጀመር አያስፈልግም። ወጥ ብዙ ጊዜ የሚወስደው በቁሌቱ ነው። ቁሌቱ አስቀድሞ ከተዘጋጀ የቀረው ሥራ አጭር ነው።

የመጀመሪያው ማብሰያ ቀን ዓርብ ነው። ለሰንበት ወጥ ሽንኩርት መክተፍዎ ስለማይቀር መጠኑን ከፍ አድርገው 2 ኪሎ ያህል ይክተፉ። በፓርቬ ድስት በዝግታ አብስለው፣ ጥቂት ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይጨምሩ። ዶሮው ከመግባቱ በፊት ግማሹን ቀንሰው ያውጡ። የወጣውንም ክዳን ባላቸው አራት ትንንሽ ዕቃዎች ከፋፍለው በፍሪዘር ያስቀምጡ። ይህ ቁሌት ሥጋም ወተትም የሌለበት ስለሆነ ለማንኛውም ዓይነት ወጥ ያገለግላል።

ሁለተኛው ማብሰያ ቀን ሰኞ ምሽት ሊሆን ይችላል። እሑድ ማታ ሽምብራ በውኃ ይዘፍዝፉ፤ ሰኞ ማታ የቤት ሥራ በሚሠራበት ሰዓት በእሳት ላይ ሆኖ ይበስላል። ከፊሉን ለሳምንቱ፣ ከፊሉን ለፍሪዘር ያድርጉ። እንጀራም በሳምንት አንድ ጊዜ ተጋግሮ ወይም ተገዝቶ፣ ለአንድ ምሽት የሚበቃው እየተጠቀለለ በፍሪዘር ሊቀመጥ ይችላል። ጤፍ ውድ ሆኖብዎት ሌላ ዱቄት የሚቀላቅሉ ከሆነ፣ ከነጭ ዱቄት ይልቅ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ ገብስ ወይም ማሽላ ይምረጡ።

የአንድ ሳምንት እራት ምሳሌ

እሑድ፦ ከፍሪዘር የወጣ ቁሌትና ቀይ ምስር ክክ። ክኩ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፤ በ25 ደቂቃ ያህል ይበስላል። ከጎኑ የቲማቲምና የኪያር ሰላጣ።

ሰኞ፦ ሽሮ ወጥና ጎመን። ጎመን ካላገኙ በሱፐርማርኬት የሚሸጠው ማንጎልድ በቦታው ይገባል።

ማክሰኞ፦ የተቀቀለ ሽምብራ ከካሮት፣ ከድንችና ከዝኩኒ ጋር በአንድ ድስት።

ረቡዕ፦ ልጆች የሚመርጡት ምሽት። ፓስታ ከመረጡ በቲማቲምና በቁሌት ይሠራ፤ ከጎኑ አትክልት አይቅር።

ሐሙስ፦ ከሳምንቱ የተረፈ እንጀራ ፍርፍር፣ ወይም በቲማቲም የበሰለ እንቁላል። ልጆች ይህን ሻክሹካ ብለው ያውቁታል።

ዓርብ፦ የሰንበት ወጥና ዳቦ። ቅዳሜም በፕላታ ላይ የቆየው ምግብ ይበላል።

በየትኛውም ምሽት የሳህኑ ግማሽ አትክልት፣ ሩብ ያህሉ ጥራጥሬ ወይም እንቁላል ወይም ሥጋ፣ ሩብ ያህሉ እንጀራ ወይም ዳቦ ቢሆን መልካም ነው። በወጣት ሴቶችና በሕፃናት ላይ የደም ማነስ ስለሚያጋጥም፣ በምስርና በጎመን ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም በሚገባ እንዲገባ ሎሚ ይጭመቁበት ወይም ቲማቲም አብረው ያቅርቡ። ቡና እና ሻይ ይህን ብረት ስለሚከለክሉ ቡናውን እራት ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያድርጉት።

ስለ ጨውም ማሰብ ይገባል። ለአንድ ዐዋቂ በቀን የሚመከረው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። በብዙ ቤት የተለመደው የሾርባ ዱቄት ብዙ ጨው አለበትና የሾርባ ዱቄት በገባበት ወጥ ላይ ሌላ ጨው አይጨምሩ፤ ከተቻለም በቦታው ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ ወይም ጥቁር አዝሙድ ይጠቀሙ። ከጥር 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእስራኤል በሚሸጡ የታሸጉ ምግቦች ፊት ላይ ቀይ ምልክት እንዲታተም በሕግ ተደንግጓል። ምልክቱ በምግቡ ውስጥ ስኳር፣ ጨው ወይም ጎጂ ስብ መብዛቱን ይነግራል። ዕብራይስጥ ማንበብ ገና ያልለመደ ሰውም ቀይ ቀለሙን አይቶ መለየት ይችላል።

አስቀድሞ የበሰለ ምግብ እንዳይበላሽ

የበሰለ ምግብ ከእሳት ከወረደ በኋላ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ትልቅ ድስት ሙሉውን ከማስገባት ይልቅ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ማስገባት ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ይረዳል። በፍሪጅ የተቀመጠ ወጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መበላት አለበት። የቀዘቀዘው ምግብ ሲሞቅ ለብ እስኪል ብቻ ሳይሆን እስኪንተከተክ ድረስ ይሙቅ። በረዶ የሆነ ሥጋና ዶሮ በጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በፍሪጅ ውስጥ አድሮ ይቅለጥ። ጥርጣሬ ያለበትን ምግብ ለልጅ ከመስጠት መጣል ይሻላል።

ሥራውን ማካፈል

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የስድስት ዓመት ልጅ አትክልት ማጠብና ሳህን መደርደር ይችላል። የአሥር ዓመት ልጅ ከዐዋቂ ጋር ሆኖ ሰላጣ ይሠራል። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ወንድም ሆነ ሴት፣ እናት ከመግባቷ በፊት ቁሌቱን አውጥቶ ምስሩን ሊጥድ ይችላል።

በአገር ቤት ወንድ ልጅ ጓዳ መግባቱ እንደ ነውር ይታይ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። ያ ልማድ ሴቶቹ ቤት በሚውሉበት፣ ወንዶቹ እርሻ በሚውሉበት ኑሮ የተሠራ ነው። ሁለቱም ወላጆች ከቤት ውጭ በሚሠሩበት አገር ግን ቀድሞ የገባው ሰው እራቱን ቢጀምር የአባትነት ክብር አይቀንስም። አባቱ ሽንኩርት ሲልጥ ያየ ልጅ ሥራን ማክበር ይማራል።

በአንድ ማዕድ መቀመጥ

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ልጆቹ ከጠገቡ አብሮ መብላቱ ለምን ያስፈልጋል?» ይል ይሆናል። ልጆች ዕብራይስጥን ከወላጆቻቸው ቀድመው ይለምዳሉ። ደብዳቤ የሚያነቡት፣ ከአስተማሪ የተላከውን መልእክት የሚተረጉሙት እነርሱ ናቸው። ወላጅ ከልጁ ዓለም ውጭ የሚቀረው በዚህ መንገድ ቀስ በቀስ ነው። በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት ስልክና ቴሌቪዥን ተዘግቶ በአንድ ማዕድ መቀመጥ ግን ወላጅ ያለ አስተርጓሚ ልጁን የሚሰማበት ጊዜ ነው። ልጁ ዕብራይስጥና አማርኛ ቀላቅሎ ቢናገርም አያቋርጡት፤ እርማቱን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

በመግቢያው ላይ የጠቀስኋት እናት ይህን ዘዴ የጀመረችው በሳምንት በሁለት ምሽት ብቻ ነበር። ዛሬ ቤተሰቡ በሳምንት አራት ምሽት አብሮ ይመገባል፤ በቀሩት ምሽቶች ባልየው ስለሚያመሽ ድርሻው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ከእነዚህ ምሽቶች በአንደኛው ታላቁ ልጅ ሽሮውን እየበላ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ለሁለት ሳምንት ከሒሳብ ትምህርት ቀርቶ እንደ ነበር ተናገረ። አባትየው በማግሥቱ አብሮት ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። ነገሩም በጊዜው ስለ ተደረሰበት ተስተካከለ። እናቲቱም ጣፋጭ መጠጥ ከቤቷ አስወጥታ፣ በየቀኑ በባሕሩ ዳር በእግሯ እየተጓዘች፣ የሐኪሟን ክትትል ቀጥላለች።

ምክር ሲያስፈልግዎት

ከጥር 1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የጤና መድን ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የእስራኤል ነዋሪ ከአራቱ ኩፖት ሆሊም በአንዱ የመታቀፍ መብት አለው። በቤተሰብዎ ውስጥ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ካለ፣ ወይም ብዙ ውኃ የሚያስጠማዎት፣ ሽንት የሚያመላልስዎትና ያለ ምክንያት የሚያከሳዎት ከሆነ ሳይዘገዩ ሐኪምዎ ዘንድ ሄደው የደም ምርመራ ይጠይቁ። አስቀድሞ መድኃኒት የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ሐኪሙን ሳያማክር አመጋገቡን በድንገት አይለውጥ። ወደ ምግብ ባለሙያ እንዲልክዎትም ሐኪምዎን መጠየቅ ይችላሉ። የሕፃናትን አመጋገብ በሚመለከት በቲፓት ሐላቭ ያለችውን ነርስ ያነጋግሩ። ቋንቋ ቢያስቸግርዎት አስተርጓሚ እንዲፈለግልዎት ይጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

በመጨረሻም፣ ሁሉን በአንድ ሳምንት ለመለወጥ አይሞክሩ። በዚህ ሳምንት ዓርብ ሽንኩርቱን ብቻ ጨምረው ይክተፉ። እሑድ ማታ ከሥራ ደክመው ሲገቡ ግማሹ እራት ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል።

መልካም ማዕድ፣ መልካም ጤና እንመኝልዎታለን።