ሊኑክስ ላይ ሳይጠሩት የሚከፈት ፕሮግራም፦ ተረትና እውነታ

ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት የጫነ የሰበታ፣ የቡራዩ ወይም የሱሉልታ ተማሪ አንድ ቀን የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሲገባ፣ ያልከፈተው ፕሮግራም ተከፍቶ ሊያገኝ ይችላል። ምክር ሰጪ አይጠፋም። አንዱ ቫይረስ ነው ይለዋል፣ ሌላው በመብራቱ ያሳብባል፣ ሦስተኛው «ፎርማት አስደርገው» ይላል። እንዲህ ባለ ምክር ስንት የመመረቂያ ጽሑፍና ስንት የቤተሰብ ፎቶ ይጠፋል! ሲገቡ የሚነሳ ፕሮግራም ሁሉ የሆነ ቦታ የተጻፈ ትእዛዝ አለው። መፍትሔው ትእዛዙን ፈልጎ ማግኘት ነው።

ተረት፦ ሳልከፍተው ከተከፈተ ቫይረስ ነው።

እውነታ፦ ብዙ ጊዜ ትእዛዙን የሰጠው ፕሮግራሙ ራሱ ወይም ባለቤቱ ነው። ለምሳሌ ቴሌግራም ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ አለው፤ አንዴ ከተነካ ይረሳል። ለማጣራት ሆም ፎልደርን ከፍተው ኮንትሮልና ኤች ይጫኑ፤ የተደበቁት ፎልደሮች ይታያሉ። ስሙ በነጥብ በሚጀምረው «ኮንፊግ» ውስጥ «አውቶስታርት» የሚባለውን ይክፈቱ። እዚያ ያለው ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፤ «ኤግዜክ» ብሎ የሚጀምረው መስመር የትኛው ፕሮግራም እንደሚነሳ ይነግርዎታል። የማያውቁት ስም ካገኙ ግን ይጠርጥሩ፤ ተንኮለኛ ፕሮግራምም በዚሁ መንገድ ሊገባ ይችላል።

ተረት፦ ከአውቶስታርት አጥፍቼው ከተመለሰ መፍትሔ የለውም።

እውነታ፦ ምናልባት የሚመልሰው ሌላ ነገር ነው። ዙቡንቱ በሚጠቀምበት ኤክስኤፍሲኢ በተባለው ዴስክቶፕ ላይ፣ ሲወጡ በሚመጣው መስኮት ግርጌ ሴሽኑን ለሚቀጥለው ጊዜ የሚያስቀምጥ ትንሽ ሳጥን አለ። አንድ ቀን ምልክት ተደርጎበት ከወጡ፣ ያኔ ክፍት የነበረው ሁሉ ይመዘገባል። በኋላ ምልክቱን ቢያነሱም የቆየው መዝገብ አይጠፋም፤ በገቡ ቁጥር ያንኑ ይከፍታል። የሴሽን ቅንብር ውስጥ ገብተው የተቀመጡትን ሴሽኖች ያጥፉ። ኬዲኢ በተባለው ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ በባዶ ሴሽን እንዲጀምር የሚያደርገውን ምርጫ ይውሰዱ።

ተረት፦ መብራት ሲሄድ የሚመጣ ችግር ነው።

እውነታ፦ የመብራት መጥፋት ፋይል ሊያበላሽ ይችላል፤ አዲስ የማስነሻ ትእዛዝ ግን አይጽፍም። ግንኙነታቸው ሌላ ነው። ሴሽን የሚመዘገበው በሥርዓት ሲወጡ ነው። ኮምፒውተሩ ድንገት ከጠፋ አዲስ ነገር ስለማይመዘገብ፣ የድሮው ሴሽን እንደገና ይመጣል። ለዚህ ነው መብራቱ ያመጣው የሚመስለው።

ተረት፦ ፎርማት ካልተደረገ አይድንም።

እውነታ፦ ትእዛዙ ሆም ፎልደር ውስጥ ካለ፣ ሲስተሙ እንደገና ተጭኖ የቀድሞው ፎልደር እንዳለ ሲመለስ ችግሩም አብሮ ይመለሳል። ከዚህ ይልቅ ሌላ የተጠቃሚ አካውንት ይፍጠሩና በእሱ ይግቡ። ፕሮግራሙ እዚያ ካልተከፈተ ችግሩ ያለው የእርስዎ ሆም ፎልደር ውስጥ ነው። እዚያም ከተከፈተ ትእዛዙ የመላው ሲስተም ነው፤ «ኢቲሲ» ከዚያም «ኤክስዲጂ» ውስጥ ያለውን «አውቶስታርት» ይመልከቱ። ከዚያ ላይ አይሰርዙ፤ ኮምፒውተሩን ለሚጋሩት ሁሉ ያገለግላል። ፋይሉን ስሙን ሳይቀይሩ ወደ ራስዎ አውቶስታርት ይቅዱና «ሂደን» እኩል ይሆናል «ትሩ» የሚል መስመር በላቲን ፊደል ይጨምሩበት። ለእርስዎ ብቻ ይቆማል። ሁለቱም ቦታ ከሌለ ፕሮግራም በራሳቸው የሚያስነሱትን የሲስተምዲን የተጠቃሚ አገልግሎቶችና የክሮን ዝርዝር ይፈትሹ።

ተረት፦ ሲገቡ የሚነሳ ሁሉ ኮምፒውተር ያዘገያል፤ ሁሉንም ማጥፋት ይሻላል።

እውነታ፦ ብዙዎቻችን ሊኑክስ ላይ አማርኛ የምንጽፈው በአይባስ በኩል ነው። እሱን ያጠፋ ሰው አማርኛ መጻፍ ሲያቅተው ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። ድምፅ አውጥቶ ስክሪን የሚያነበው ኦርካም እንዲሁ ነው። የዊንዶውስ ሎጎ ያለበትን ቁልፍ፣ አልትንና ኤስን አንድ ላይ ሳያስቡት የነካ ሰው ኮምፒውተሩ ድንገት ሲናገር ይደነግጣል፤ እነዚያኑ ቁልፎች መልሶ መጫን ዝም ያሰኘዋል። ኡቡንቱ ላይ የይለፍ ቃል የምናስገባበት ገጽ የራሱ ቅንብር ስላለው፣ እዚያ የሚናገር ከሆነ የሚጠፋው ከዚያው ገጽ ላይ ነው። ኦርካን ከጋራ ኮምፒውተር ላይ ነቅሎ መጣል ግን ትልቅ በደል ነው። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ባለባት በሰበታ ይህን መናገር ግድ ይላል፦ ማየት ለማይችል ተጠቃሚ ያ ድምፅ ከሌለ ኮምፒውተሩ የተዘጋ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይያዙ። መጀመሪያ የፕሮግራሙን የራሱን ቅንብር ይዩ፣ ቀጥሎ አውቶስታርትን፣ ከዚያ የተቀመጠ ሴሽንን፣ በመጨረሻ በአዲስ አካውንት ይፈትኑ። አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩና ወጥተው ይግቡ፤ ሦስት ነገር በአንዴ የቀየረ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። ፋይል ከመሰረዝዎ በፊት ቅጂውን ያስቀምጡ። ይህን ሁሉ ለመሥራት ኢንተርኔትም ገንዘብም አያስፈልግም፤ ጎረቤትዎ «ፎርማት» ሲባልም ይህንኑ ያሳዩት።