የዘይት ቀለም ወዙን እንዳያጣ

የደሴው የሰኞ ገበያ የብረት በርም ሆነ የሐይቅ ጀልባ ጎን፣ ቀለሙን የሚፈታተኑት ፀሐይና እርጥበት ናቸው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታባታል፤ ጨረሩ የቀለሙን ማያያዣ ሲሰባብረው ወዙ ይጠፋል፣ በጣት ሲነካም ዱቄት ይለቃል።

የዘይት ቀለም የሚጠነክረው ማቅጠኛው ስለተነነ ብቻ ሳይሆን ዘይቱ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሐድ ነው። ወፍራም ሆኖ ከተቀባ ላዩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ከዚያም ይጨማደዳል። ስለዚህ ብረት ሲቀባ መጀመሪያ ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ ፀረ ዝገት ይቀባል፤ በላዩም ስስ ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ ይደረባል። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትደርቡ፤ ቤት ውስጥ ስትቀቡም መስኮት ክፈቱ።