ላሲክስ የሚወስድ ሰው ከፋርማሲ ምን ይግዛ?

ከያዮ ወይም ከሁሩሙ ቡና ሲለቅም ከርሞ ወገቡን የታመመ ሰው መቱ ሲገባ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ ይውጣል። ማዘዣ ሳይጠየቅ የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ይኸው ሰው ለደም ግፊት ወይም ለልብ ድካም ላሲክስ (ፎሮሴማይድ) ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ከሆነ ግን ያ ርካሽ ኪኒን መዘዝ አለው።

እንደ ላሲክስ ያሉ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች ኩላሊት ጨው ወደ ደም እንዳይመልስ ያግዱታል፤ ጨው ሲወጣ ውኃም ይከተለዋል፣ እብጠቱ ይጎድላል። እነዚያ ማስታገሻዎች በበኩላቸው የኩላሊትን ደም ሥሮች የሚያሰፉ ንጥረ ነገሮችን ስለሚቀንሱ ጨውና ውኃ መልሶ ይጠራቀማል። እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። የደም ግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል ሲታከልበት ሦስቱ ተባብረው ኩላሊትን በድንገት ሊጎዱ ይችላሉ፤ በተለይ አረጋውያንን፣ ተቅማጥም የያዘውን ሰው። ለብዙዎቹ ፓራሲታሞል የተሻለ ምርጫ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ፖታሲየም ነው። ፎሮሴማይድ ይህን ማዕድን ከሽንት ጋር ያስወጣል። ሲያንስ የልብ መድኃኒቱ ዲጎክሲን መርዝነቱ ይበረታል፣ የልብ ምትም ይዛባል፤ በሩማቲክ የልብ ሕመም ሁለቱን አብረው የሚወስዱ ወጣቶች ይህን ማወቅ አለባቸው። በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ቆላ ወርዶ ወባ የያዘውም ኮአርተም ከመቀበሉ በፊት ላሲክስ እንደሚወስድ ይናገር፤ ፖታሲየም ባነሰበት ልብ ላይ የወባው መድኃኒትም ምት ሊያውክ ይችላል። ጄንታማይሲን መርፌ ከላሲክስ ጋር ሲሰጥ ደግሞ የመስማት ችሎታን ያሰጋል።

ሌላው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ስፓይሮኖላክቶን ተቃራኒው ነው፤ ፖታሲየምን ያስቀራል። በአውሮፓውያኑ 1999 የወጣ ጥናት በከባድ የልብ ድካም የሚከሰተውን ሞት በ30 በመቶ እንደሚቀንስ ካሳየ በኋላ ሐኪሞች በብዛት አዘዙት። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ግን እንደ ኢናላፕሪል ያሉ መድኃኒቶችን በሚወስዱ አረጋውያን የልብ ድካም ሕሙማን ዘንድ በፖታሲየም መብዛት ሆስፒታል የሚገቡት በ1994 ከ1,000 ሰው 2.4 የነበሩት በ2001 ወደ 11 አሻቀቡ። መድኃኒቱ ጠቃሚ ነው፤ የደም ምርመራ ሳይደረግ መቀጠሉ ግን አደጋ ነው።

ቡናስ ሽንት ያበዛል? ዘወትር የሚጠጣ ሰው ሽንቱ በቡና ምክንያት ብዙም አይጨምርም።

በመቱ ካርል ሪፈራል ሆስፒታልም ሆነ በጤና ጣቢያ ክትትል ያለዎት ሁሉ፣ በቀጠሮዎ ቀን ቤት ያለውን ኪኒን በሙሉ ይዘው ይሂዱ፤ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ መቼ እንደሚደረግልዎም ይጠይቁ። የታዘዘልዎትን ግን ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ።