ለዒድ የምንገዛው የጽጌረዳ ውሃ
ዒድ ሲቃረብ ከአብነት ወደ መርካቶ ሱቆች ጎራ ብለን ከሽቶና ከሂና ጋር የጽጌረዳ ውሃ መግዛት ለብዙዎቻችን የተለመደ ነው። ካዕባ በዘምዘምና በጣኢፍ ጽጌረዳ ውሃ እንደሚታጠብ ስለምናውቅም ፍቅራችን የተለየ ነው።

እውነተኛው የሚገኘው አበባው በእንፋሎት ሲጣራ ነው፤ ዘይቱ ተለይቶ መዓዛ ያለው ውሃ ይቀራል። ፊትን ያረጥባል፣ ያቀዘቅዛል፤ ማድያትን ግን አያጠፋም።

ስንገዛ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን እናንብብ። ውሃ፣ ሽቶና ቀለም ብቻ ከሆነ ጽጌረዳ የለበትም። ለስጦታ የሚሸጠውን እቅፍ አበባ ቤት ማፍላትም አይበጅም፤ ፀረ ተባይ የተረጨ ሊሆን ይችላል።

አስቀድመን ክንዳችን ላይ ጠብ አድርገን አንድ ቀን እንጠብቅ። የተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከደፈረሰ ይደፋ። የሕፃናት ቆዳ ስስ ነውና ለእነሱ ንጹሕ ውሃ ይበቃል።