በተሸናፊው ስም የሚጠራው መክፈቻ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1918 ኒውዮርክ በተካሄደ የቼዝ ውድድር ኩባዊው ሆሴ ራውል ካፓብላንካ ነጭ፣ አሜሪካዊው ፍራንክ ማርሻል ጥቁር ይዘው ተቀመጡ። በ1909 ባደረጉት ግጥሚያ ካፓብላንካ 8 ጊዜ ሲያሸንፍ ማርሻልን የቀናው አንዴ ብቻ ነበር፤ 14ቱ በአቻ አልቀዋል።

አጀማመሩ የታወቀው የስፔን መክፈቻ ነው፤ በ1561 የቼዝ መጽሐፍ ባሳተመው ቄስ ስም ሩይ ሎፔዝም ይባላል። ሁለቱም ንጉሣቸውን ወደ ጥግ አስጠልለው ጨዋታው ረጋ ብሎ ሊቀጥል ሲል፣ ማርሻል በ8ኛው እርምጃ ከንግሥቱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ገፋው። በዚህም መሃል ላይ ያለው ሌላ ወታደሩ ለመበላት ተጋለጠ።

በምትኩ የሚያገኘው ጊዜ ነው። የነጩ ፈረስ ወታደሩን ሲበላ ራሱም ይበላል፤ የነጭ ንጉሥም ዋና ጠባቂውን ያጣል። በሌላው ክንፍ ያሉት የነጭ ጠጠሮች ደግሞ ገና ከቤታቸው አልወጡም። የጥቁሩ ጳጳሶች፣ ፈረስና ንግሥት ግን በቀጥታ ወደ ንጉሡ ይዞራሉ።

ካፓብላንካ ተጋጣሚው ተዘጋጅቶ እንደመጣ ገብቶታል። ቢሆንም በላ። ፈተናውን መሸሽ ክብሩ እንዳልፈቀደለት በኋላ በመጽሐፉ ጽፏል።

በ15ኛው እርምጃ ማርሻል በፈረሱ በነጭ ንጉሥ ደጅ ያለውን ወታደር በላ። ፈረሱን በንግሥት መብላት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የጥቁሩ ጳጳስ ቼክ ብሎ ወዲያው ንግሥቲቱ ላይ ይዞርባት ነበር። ካፓብላንካ ፈረሱን ትቶ ግንቡን አንድ ቤት ብቻ አንቀሳቀሰ። ለእኔ ከጨዋታው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ዝምተኛ እርምጃ ነው። ከዚያ ንጉሡ በተኩስ መሃል በእግሩ እየተጓዘ ወደ ሌላው ክንፍ ተሻገረ፤ በ36ኛው እርምጃ ነጭ አሸነፈ።

ማርሻል ይህን ጥቃት ለዓመታት ደብቆት ኖረ የሚባለው ማስረጃ የለውም። ሐሳቡ ግን ከሽንፈቱ ተርፏል። በ11ኛው እርምጃ ፈረሱን ወደ ኋላ ከመመለስ በአንዲት ወታደር ደግፎ ማቆየት እንደሚሻል ማርሻል ራሱ አገኘ። በ1965 ትብሊሲ ላይ የቼዝ ተጫዋቹ ስፓስኪ በማርሻል ስም በተጠራው በዚሁ ጥቃት ሌላውን ተጫዋች ታልን ሲገጥም፣ ያ የጥቃት ጌታ ሊሰብረው አልቻለም። ዛሬም ነጭ የሚይዙ ብዙ ታላላቅ ተጫዋቾች በ8ኛው እርምጃ ሌላ ወታደር ገፍተው ጭራሽ ይሸሹታል።

ቼዝ የምትጫወቱ ከሆነ ይህን ጨዋታ በሰሌዳችሁ ላይ ደርድሩት። ነጭ ያንን ወታደር ሊበላ ሲል ቆም በሉና ራሳችሁን ጠይቁ፦ እኔ ብሆን እበላው ነበር?