የጎረቤት ውርስ አጣሪ

በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከ946ኛው አንቀጽ አንሥቶ፣ ሟች ትቶት የሄደውን ንብረት ሰብስቦ ለባለመብቶቹ የሚያደርሰውን ሰው የውርስ አጣሪ ብሎ ይሰይመዋል። አጣሪነቱ በመሠረቱ የወራሾቹ ነው፤ ነገር ግን ሟች በኑዛዜው ሌላ ሰው ሊመርጥ ይችላልና፣ ልጆቹ በባሕር ማዶ የተበተኑበት ወይም እርስ በርሳቸው የተኳረፉበት አዛውንት፣ ከሥጋ ዘመዱ ይልቅ አጥር የሚጋራውን ጎረቤቱን ቢያምን የሚያስደንቅ አይሆንም።

ተግባሩን 956ኛው አንቀጽ ይዘረዝረዋል፤ ኑዛዜ መኖር አለመኖሩን መርምሮ ወራሾቹን መለየት፣ ንብረቱን ማስተዳደር፣ መክፈያው የደረሰውን ዕዳ መክፈልና በኑዛዜ የተሰጠውን ስጦታ ማድረስ ነው። በ1014ኛው አንቀጽ መሠረትም አስቀድሞ የቀብሩ ወጪ፣ ቀጥሎ የማስተዳደሩና የማጣራቱ ወጪ፣ ከዚያ የሟቹ ዕዳ፣ ከዚያም የቀለብ ዕዳ ይከፈላል፤ የኑዛዜው ስጦታ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል።

ጎረቤት ግን ባዶ እጁን ወደዚህ ሹመት አይገባም። ለሟቹ በሕመሙ ወራት ገንዘብ አበድሮት እንደሆነ፣ ዕዳው ይከፈለኝ ብሎ የሚጠይቀውም፣ ጥያቄው እውነት ነው ብሎ የሚቀበለውም እርሱ ራሱ ይሆናል፤ ብድሩ በቃል ብቻ ተሰጥቶ ምስክሩም ሟቹ ብቻ ከነበረ፣ አጣሪው እውነተኛ ቢሆን እንኳ እውነቱን የሚያጸናለት የለም። የሁለቱ ግቢ ወሰን አከራካሪ ከሆነም፣ የሟቹን ካርታና ውል በሣጥኑ የያዘው ሰው በክርክሩ ተቃራኒ ወገን ነው። የቀብሩን ወጪ ከኪሱ የሸፈነ እንደሆነ ደግሞ፣ ከሁሉ የሚቀድመውን ተከፋይ ሒሳብ አዘጋጁም አጽዳቂውም እርሱ ነው። ቤቱን ለልጁ መግዛት የሚመኝ ከሆነ ግን ነገሩ ከሁሉ ይከፋል፤ የወራሾቹ ጥቅም ዋጋው ከፍ እንዲል ሲሆን የገዢው ጥቅም ዝቅ እንዲል ነው፤ ሁለቱም በአንድ ኅሊና ውስጥ ያድራሉ።

ሕጉ ለሟች የቀረበ ሰው ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ አይገምትም። ተናዛዡን በሙያው ሲያክም ለነበረ ሐኪም ወይም በመንፈሳዊ አገልግሎት ለረዳው ካህን የተሰጠውን ስጦታ ዳኛ ሊቀንሰው እንዲችል መደንገጉ፣ የነፍስ አባት በኑዛዜ ሰዓት ከአልጋው ራስጌ በሚቀመጥበት አገር ድፍረት ያለበት ጥበብ ይመስለኛል። በውክልናም ረገድ 2187ኛውና 2188ኛው አንቀጾች የጥቅም ግጭት ያለበትንና ወኪል ከራሱ ጋር የተዋዋለውን ውል ለመፍረስ ያጋልጡታል፤ አጣሪ በጠባቡ ትርጉም ወኪል ባይባልም፣ በዚያው መንፈስ ቢመራ ይበጀዋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለው ጎረቤት ብድሩንና የወሰኑን ነገር ገና ከጅምሩ ለወራሾቹ በጽሑፍ ይግለጥ፤ የራሱን ጥያቄ ወራሾቹ ወይም ፍርድ ቤት እንዲመረምሩት ያድርግ፤ ቤቱን መግዛት ከፈለገም ዋጋውን ሌላ ሰው ገምቶት ወራሾቹ ሁሉ ካልተስማሙ፣ ከሁለት አንዱን፣ ወይ ግዢውን ወይ አጣሪነቱን፣ ይተው። ስለ ድካሙ ደግሞ ሕጉ ሥራው የሚገባው ሆኖ ሲገኝ ዋጋ ይፈቅድለታል። ብዙዎች ግን የጎረቤት ወግ ነው ብለው ዋጋውን በአደባባይ እምቢ ይሉና፣ ከወራት በኋላ የሟቹን ምንጣፍ ወይም ሬዲዮ «ለመታሰቢያ» ብለው ወደ ቤታቸው ያስገባሉ፤ ወራሾቹም ሁለቱን ግቢዎች በሚያገናኘው በር ሲወጣ ያዩታል።